ሻርፕ ፍለጋ ወደ ማዱባኒ

የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይ በእጅ መሳል አዲስ አበባ ውስጥ ገበያ ካገኘ ሰነባብቷል። የእኔም እንጀራ እሱ ነው። ሥራው ደስ ይላል፤ ጣጣው የሚመጣው ከታጠበ በኋላ ነው። ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይለቃል፣ ከዚያ ስልክ ይደወላል።

አንዲት ደንበኛዬ ከህንድ የመጣላትን ሻርፕ አሳየችኝ። ከዳር እስከ ዳር በዓሣ፣ በወፍና በሎተስ አበባ ተሞልቷል። ስንቴ እንዳጠበችው አታስታውስም፤ ቀለሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ሥዕሉ ማዱባኒ እንደሚባል ነገረችኝ። ኢንስታግራም ላይ ስፈልግ ከሚስሉት ሴቶች አንዷን አገኘሁ። ተጻጻፍን፣ "ነይና እይ" አለችኝ። ገና በሠራሁት ገንዘብ ቲኬት ቆረጥኩ።

ማዱባኒ ህንድ ውስጥ፣ በቢሃር ክልል ሰሜን፣ ኔፓል ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። አካባቢው ሚቲላ ይባላል፤ ሥዕሉንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ቋንቋው ማይቲሊ ነው። በሂንዱዎች እምነት ልዕልት ሲታ የተዳረችው በዚህ አገር ነው፤ አባቷ ንጉሥ ጃናክ ለሠርጉ ከተማውን ሁሉ በሥዕል አስጌጡ ይባላል።

ጥር 2፣ ዓርብ፤ ደልሂ

ጥር ላይ ደልሂ ገብቶ ሙቀት የሚጠብቅ ሰው ይሸወዳል። ብርዱ የእንጦጦን ያስንቃል፣ በላዩ ላይ ጭስ አለበት። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ዋለ።

ሲም ካርዱ እስኪሠራ እስከ ማታ ጠበቅኩ። ከሲሙ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ክፍያ ነው። ሻይ ሻጩ ሳይቀር ኮድ ለጥፏል፤ ሰው ስልኩን ያነጣጥርና ከፍሎ ይሄዳል። የህንድ ባንክ ሒሳብ ስለሌለኝ እኔ የከፈልኩት በጥሬ ገንዘብ ነው። እሱም ዝርዝር መሆን አለበት፤ 500 ሩፒ ሲያዩ ሁሉም "ዝርዝር የለም" ይላሉ። በኔ ጊዜ አንድ ሩፒ ወደ አንድ ብር ከሃምሳ ይመታ ነበር። ሒሳቡን በዚሁ ያዙልኝ።

ከሰዓት በኋላ ፕራጋቲ ሜዳን አጠገብ ወዳለው የዕደ ጥበብ ሙዚየም ሄድኩ። ጋንጋ ዴቪ የምትባል የሚቲላ ሠዓሊ ካንሰር ይዟት ደልሂ ስትታከም እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል ስላ ነበር። ኮህባር ይሉታል፤ አዲስ ሙሽሮች የሚገቡበት ክፍል ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1991 አረፈች። ግድግዳው ደግሞ በ2015 በእድሳት ጊዜ ጠፋ። እኔ የደረስኩት ለፎቶው ነው። ያም ሆኖ የዚህ ሥዕል ነገር የገባኝ እዚያ ነው። መጀመሪያም ቢሆን እንዲቆይ ተብሎ የሚሳል አልነበረም። ሠርግ ሲመጣ ይሳላል፣ ዝናብና ጭስ ያበላሸዋል፣ ቀጣይ ሠርግ ሲመጣ ግድግዳው በጭቃ ተለቅልቆ እንደገና ይሳላል።

ማታ ዲሊ ሃት ገባሁ። ከየክልሉ የመጡ ባለሙያዎች በተራ ሱቅ እየተከራዩ የሚሸጡበት ገበያ ነው። የማዱባኒ ሱቅ ላይ የጥጥ ዱፓታ 1,800 ሩፒ፣ የተሰር ሐር ደግሞ 5,500 አሉኝ። ዱፓታ ማለት የህንድ ሴቶች ትከሻቸው ላይ የሚጥሉት ረጅም ሻርፕ ነው፤ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ምንም አልገዛሁም። ዋጋውን ይዤ ወጣሁ፤ በኋላ ይጠቅመኛል።

እራቴን የቢሃር ምግብ ቤት ሊቲ በላሁ። የስንዴ ሊጥ ውስጥ የሽምብራ በሶ ጠቅጥቀው በእሳት ይጠብሱታል፣ ከዚያ ከተፈጨ ባድንጃንና ቲማቲም ጋር ያቀርቡታል። አገር ቤቱ በኩበት እሳት ነው አሉኝ። ዓርብ ስለነበር ቅቤ እንዳያፈሱበት አስጠነቀቅኩ። "ጾም ነኝ" ማለት ህንድ ውስጥ ማብራሪያ የማይፈልግ ነገር ነው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ጥር 3፣ ቅዳሜ፤ ደልሂና ባቡሩ

ጠዋት አንድ የጎዳና ገበያ ስዞር ያንኑ ዓሣ፣ ያንኑ ፒኮክ አየሁት። ዋጋው 250 ሩፒ! ሻጩ "በእጅ የተሳለ ነው" ብሎ ምሎ ተገዘተ። ሁለት ሻርፖች ጎን ለጎን ዘረጋሁና ዓሣዎቹን አየሁ። ከክንፋቸው አንዷ ጭረት ሁለቱም ላይ እኩል ቦታ ላይ ተቆርጣለች። በማሽን የታተመ ነው። ዝም ብዬ አጣጥፌ መለስኩለት።

ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ባቡር ተሳፈርኩ። መኝታ ያለው ሦስተኛ ደረጃ ኤሲ፣ ከ1,500 ሩፒ ትንሽ ከፍ ይላል። አንሶላና ብርድ ልብስ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ ይታደላል።

ጥር 4፣ እሑድ፤ ጉም

በፕሮግራሙ መሠረት በዚህ ቀን ማታ ማዱባኒ መድረስ ነበረብን። ሰሜን ህንድ ግን ጥር ላይ በጉም ይሸፈናል። በመስኮት የሚታየኝ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ባቡሩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ እንደገና ይንፏቀቃል።

በዚያ ላይ የኩምብ ሜላ ዋዜማ ነበር። ፕራያግራጅ ከተማ፣ ጋንጋና ያሙና ወንዞች የሚገናኙበት ላይ፣ ለመጠመቅ አገሩ ሁሉ ይተማል። ፉርጎው ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። የኔ መኝታ ላይ ሦስት እናቶች ተቀምጠዋል፤ ቲኬት አላቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። እግሬን ሰብስቤ ቦታ ለቀቅኩ። አንዷ ከዘንቢሏ ቴክዋ አወጣች፤ በስንዴና ባልተጣራ የሸንኮራ ስኳር የሚጠበስ ደረቅ ብስኩት ነው። ሦስት ሰጠችኝ። አንዱን ስጨርስ አራተኛ ጨመረች። ፕራያግራጅ ላይ ሁሉም ግር ብለው ወረዱ፤ ፉርጎው ባዶ ሆነ፣ እኔም ተዘርግቼ ተኛሁ።

ጥር 5፣ ሰኞ፤ ማዱባኒና ጂትዋርፑር

የደረስነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነው። እንቅልፍና ብርድ እያንገላታኝ ወረድኩና ቀና ስል ጣቢያው በሙሉ ሥዕል ነው። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የቲኬት መስኮቱ ዙሪያ ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመቶ በላይ የአካባቢው ሠዓሊዎች ተሰባስበው ያለ ክፍያ የሳሉት ነው። ከዚያ በፊት በቆሻሻው የሚታወቅ ጣቢያ ነበር አሉኝ። አሁን ግድግዳው ላይ ምራቁን የሚተፋ የለም። አምላክ የተሳለበት ላይ ማን ይተፋል?

በስልክ የያዝኩት ሆቴል በር ላይ ግን "የውጭ ዜጋ አናስተናግድም" ተባልኩ። የውጭ ሰው ሲያድር ለፖሊስ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ትንንሽ ሆቴሎች ጣጣውን አይፈልጉትም። ከፍያለሁ ብልም ዘበኛው በሩን ዘጋው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሦስተኛው ሆቴል ላይ የሚቀበለኝ አገኘሁ፤ 1,200 ሩፒ፣ ሙቅ ውሃ በባልዲ። ትንሿ ከተማ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ደውሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቀትር ላይ ተነስቼ ወደ ጂትዋርፑር መንደር ሄድኩ። ባጃጅን ለዓለም ያበረከተች አገር አሁን በባትሪ ወደሚሄደው ዞራለች፤ ቶቶ ይሉታል። ድምፅ የለውም፤ ከኋላ መጥቶ ነው የሚያስደነግጥ። በጋራ 20 ሩፒ። መንገዱ በሩዝ ማሳና በኩሬ መሃል ያልፋል። ኩሬ የሌለው ሠፈር አላየሁም።

ኢንስታግራም ላይ ያገኘኋትን አስተናጋጄን ዲዲ እላታለሁ፤ ታላቅ እህት እንደማለት ነው፣ ሠፈሩም እንዲሁ ነው የሚጠራት። ስሟን ለራሴ ላቆየው። ኮሌጅ የምትማር ልጇ አስተርጓሚያችን ሆነች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የውጭው ግድግዳ ላይ ዝሆን፣ በሩ ግራና ቀኝ ላይ ዓሣ። በር ላይ የተቀመጡት አማቷ ስመው አስገቡኝና ትከሻዬ ላይ ዱፓታ ጣሉልኝ። ሚቲላ ውስጥ እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ ለወንድ ደግሞ ፓግ የሚሉትን ቆብ ይጨምሩለታል።

ይቺ መንደር ትንሽ ናት፤ ስሟ ግን ትልቅ ነው። ጃግዳምባ ዴቪ፣ ሲታ ዴቪ፣ ባዋ ዴቪ ሁሉም የዚህች መንደር ሴቶች ናቸው። ሦስቱም ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የመንግሥት ትልቅ ሽልማት አግኝተዋል። ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እና 67 ቢሃር ላይ ከባድ ድርቅ ገባ። ፑፑል ጃያካር የምትመራው የዕደ ጥበብ ቦርድ ባስካር ኩልካርኒ የሚባል አርቲስት ወረቀት አስይዞ ላከ። ሴቶቹ ግድግዳ ላይ የሚስሉትን ወረቀት ላይ ስለው እንዲሸጡ ነው። መጀመሪያ እሺ ያሉት ጥቂት ናቸው። የዲዲ አማት ያኔ ልጅ ነበሩ፤ "ለአምላክና ለሙሽራ የሚሳል ነገር እንዴት ይሸጣል ተባለ፤ በኋላ ግን የሸጠችው ሴት ልጆች ሲበሉ ታየ" አሉኝ። ከወረቀት ወደ ሳሪ፣ ከሳሪ ወደ ሻርፕ ሄደ።

እራት የዓሣ ወጥ ነበር፤ በሰናፍጭ የተሠራ፣ አፍንጫ ድረስ የሚሰማ። ከሩዝ ጋር በእጅ ይበላል። እኔ እጄን ታጥቤ ስቀርብ ልጆቹ ተገረሙ፤ ማንኪያ አዘጋጅተውልኝ ነበር።

ጥር 6፣ ማክሰኞ፤ የሰሊጥ በዓል

በዓሉ ማካር ሳንክራንቲ ነው። ቁርስ ቹራ ዳሂ፤ ተጠፍጥፎ የደረቀ ሩዝ በእርጎና በሸንኮራ ስኳር። ብርድ ላይ ቀዝቃዛ እርጎ ምን ይሉታል ብዬ ነበር፤ ሁለት ሳህን በላሁ። ከዚያ አማት ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርተው ሰሊጥ በስኳር አጎረሷቸውና ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው። "ትጦረኛለህ?" ነው ነገሩ። ልጆቹ ሦስቴ "አዎ" ይላሉ። የመጨረሻዋ ሕፃን ሁለተኛው ላይ ሰልችቷት ልትሮጥ ስትል በቀሚሷ ያዟት። እኔንም አጎረሱኝ፤ እኔም አዎ አልኩ።

በዓል ነው ብላ ዲዲ ሥራ አላቆመችም። የደልሂ ነጋዴ ዕቃ ነገ ይወጣል። የፈለግኩት ያ ነበርና ከጎኗ ቁጭ አልኩ።

ጨርቁ መጀመሪያ ይታጠባል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ በሳሙና ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ፋብሪካ የሚቀባው አሚዶ ካልለቀቀ ቀለሙ የሚይዘው አሚዶውን ነው፤ አሚዶው ሲታጠብ ተያይዘው ይሄዳሉ። እኛ ጋ ጨርቁ ሳይነካ፣ ከነአዲስነቱ ነው ለሥዕል የሚመጣው፤ ደንበኛ ቀድሞ እንዲታጠብባት አትፈልግም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው!

ከሥር ጋዜጣ ታነጥፋለች። እግሯን አጣጥፋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ጨርቁ ጉልበቷ ላይ ነው። ማስመሪያ የለም። እርሳስ ትንሽ ነካ ታደርግና በቀለም የሚነከረውን የብረት ጫፍ ብዕር ታነሳለች። ጥቁሩ መጀመሪያ። አንድ መስመር ትጎትታለች፤ ከአጠገቧ ሌላ መስመር፣ ከሩዝ ፍሬ በማይሰፋ ርቀት። ከዚያ በሁለቱ መሃል ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። የጥጡ ክር የብዕሩን ጫፍ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ አትገፋም፣ ብድግ አድርጋ እንደገና ታስቀምጠዋለች። በየአሥር ጭረቱ ጫፉን በጨርቅ ትጠርጋለች። ዓሣው ቅርፊት ሲለብስ አርባ ደቂቃ ሄደ። ዓይኑን የሠራችው መጨረሻ ላይ ነው።

ዓይኑን ካነሳሁ አይቀር። የሚቲላ ፊት ሁሉ በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ትልቅ ዓይን፣ ዓሣ የመሰለ። አማልክቱ ራማም ሲታም ክሪሽናም እንዲሁ ናቸው። የኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይጋባል። እኛ ጋ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ለአማት ይህን ብነግራቸው ሳቁና ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘውኝ ገቡ። የልጃቸው ኮህባር እዚያ አለ፤ ደብዝዟል። መሃሉ ላይ ሎተስና ቀርከሃ፣ ዙሪያውን ኤሊ፣ በቀቀን፣ ፀሐይና ጨረቃ። በአራቱ ማዕዘን አራት ሴቶች ቆመዋል፤ ሻሽ አጥልቀዋል፣ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ነው። ናይና ጆጊን ይባላሉ። ሥራቸው ሙሽሮቹን ከክፉ ዓይን መጠበቅ ነው፤ ከቡዳ በሉት።

ከሰዓት በኋላ ስለ ቀለም አነሳሁ። ደልሂ ያየሁት ሻርፕ ሁሉ "የተፈጥሮ ቀለም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ዲዲ ሳቀች። የተፈጥሮው እውነት ነው፣ ግን ለወረቀትና ለግድግዳ ነው። ጥቁሩ የኩራዝ ጥላሸት ነው፤ የኛም ደብተራ ለብራናው ቀለም የሚበጠብጠው ከጥላሸት ነው። ቢጫው እርድ፣ ሰማያዊው ኢንዲጎ፣ ነጩ የሩዝ ዱቄት፣ ማጣበቂያው ሙጫ። ሙጫ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሻርፕ ላይ የምትቀባው ከሱቅ የሚገዛ የጨርቅ አክሪሊክ ነው፣ ትንሽ ጠርሙስ። ከደረቀ በኋላ አንድ ቀን ታሳድረዋለች፣ በጀርባው በካውያ ትተኩሰዋለች፣ ሦስት ቀን ውሃ አታስነካውም። አለቀ፣ ምስጢሩ ይሄው ነው። ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርኩት! ግን ቁጭ ብዬ ካላየሁ የአሚዶውን ነገር ማንም አይነግረኝም ነበር።

ዋጋውን ልጇ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። አንድ የጥጥ ዱፓታ ሦስት ቀን ይፈጃል። ነጋዴው ጨርቁን ራሱ ያመጣና ለእጅ 450 ሩፒ ይከፍላል። ዲሊ ሃት ላይ 1,800 ያሉኝን አስቡት። በስልክ በቀጥታ ስትሸጥ ግን 1,500 ይገባታል፣ ችግሩ በወር ስንት ሰው ይመጣል ነው። ነጋዴው ግን በየሳምንቱ ይመጣል። ነጋዴውን ለመራገም ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን አልተራገመችም። "ኮቪድ ጊዜ ቅድሚያ የከፈለኝ እሱ ነው" አለች። የሚያናድዳት የታተመው ሻርፕ ነው። የማዱባኒ ሥዕል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በመነሻ አካባቢው ስም ተመዝግቧል፤ ማሽኑ ግን ይህን መች ያውቃል። ደንበኛ ሲከራከራት ሁሌ የሚጠራላት ዋጋ የማሽኑ ነው።

ጥር 7፣ ረቡዕ፤ ራንቲ

ራንቲ ከከተማው ወዲያ ያለች ሌላ የሠዓሊዎች መንደር ናት። ዲዲ የምትስለው ባርኒ ነው፤ መስመሩ ውስጥ ቀለም ይሞላል። የራንቲ ሴቶች የሚታወቁት በካችኒ ነው፤ ቀለም ሳይሞላ ሁሉ ነገር በጭረት ብቻ፣ ብዙ ጊዜ በጥቁርና በቀይ። እኔ ልቤ የሄደው ወደዚህኛው ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ሲያዩት ጨርቁ ይተነፍሳል። ባርኒው ያምራል፣ ግን አንዳንዱ ሻርፕ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል።

ማሃሱንዳሪ ዴቪና ጎዳቫሪ ዱታ እዚሁ ናቸው የኖሩት። ጎዳቫሪ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት ላይ ነው። ዱላሪ ዴቪም የራንቲ ናት። ከዓሣ አጥማጅ ወገን የተወለደች፣ በሠዓሊዎቹ ቤት በቤት ሠራተኛነት ስትገባ ሥዕል የተማረች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ፓድማ ሽሪ ተሸለመች። ድሮ ከፍ ያሉ የሚባሉት የብራህሚንና የካያስታ ወገን ሴቶች ሥዕል ብቻ ነበር የሚታወቀው፤ አሁን እንዲህ አይደለም። ቻኖ ዴቪ የምትባለው፣ ዝቅ ተደርጎ ከሚታየው የዱሳድ ወገን የሆነች ሴት ደግሞ የሴቶችን ንቅሳት ወደ ሥዕል ቀይራ ጎድና የሚባለውን ስልት አስጀመረች። ጎድና የተሳለበት ሻርፕ አንድ ቤት አሳዩኝ። ክብ በክብ የተደረደሩ ትንንሽ ሰዎችና እንስሳት ናቸው። የአያቴን አንገት ያየሁ መሰለኝ።

ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም። የገባሁበት ቤት ሁሉ ሻይ በወተት ይቀርባል። ሁለተኛው ቤት ላይ የዲዲ ልጅ ነገረቻቸውና ማካና ቆሉልኝ፣ በዘይት፣ በጨውና በበርበሬ። ከኩሬ የሚወጣ የውሃ አበባ ፍሬ ነው፤ ተቆልቶ ሲመታ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል። ገበያ ላይ ውድ ነው። ሰውዬው ኩሬ ውስጥ ጠልቆ ፍሬውን ከጭቃ ሲለቅም ካዩት ግን ውድ አይባልም።

አንድ ሽማግሌ ቀኑን አስታወሱኝ። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1934 ቢሃርን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1926 ነው፣ ዛሬ ማለት ነው። ከአሥር ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ዊልያም አርቸር የሚባል የእንግሊዝ ሹም ጉዳት ሊያይ ሲዞር የፈረሱ ቤቶች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹን አየ፣ ፎቶ አነሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ጻፈባቸው። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹ ለራሳቸው ቤት የሚስሉት ነገር ነበር።

ከራንቲ ሁለት የካችኒ ሻርፕ ገዛሁ። አንዱ ጥጥ፣ 1,600። ሌላው ተሰር፣ 4,500፤ ከባጋልፑር የሚመጣው ሸካራ ሐር ነው፣ ሳይነከር ራሱ የማር ቀለም አለው። አልተከራከርኩም። ዲዲ ግን ለኔ ብላ ተከራከረችና አንድ ከረጢት አስጨመረችልኝ።

ጥር 8፣ ሐሙስ፤ ወደ ፓትና

ዲዲ ጋ ያዘዝኳቸውን ሻርፖች ቅድሚያ ከፍዬ ተሰነባበትን። አማት የመንገድ ቴክዋ ቋጠሩልኝ።

አውቶቡሱ በዳርባንጋና በሙዛፋርፑር በኩል ይሄዳል። ዳርባንጋ ላይ ሲኪ የሚሸጡ ሴቶች አየሁ። የወርቅ ቀለም ያለው ሣር ነው፤ ውስጡ ሌላ ሣር አድርገው በመውጊያ እየዞሩ ይሰፉታል። ክዳን ያለው ሁሉ አለ። እናቴ አጠገቤ ብትሆን መውጊያውን ተቀብላ ትጨርስላቸው ነበር። ትንሽ ክዳን ያላት በ200 ሩፒ ወሰድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አቧራና ክላክስ ነው። ሃጂፑር ጋር ሙዝ ማሳ፣ ከዚያ ከአምስት ኪሎሜትር የሚረዝመው የጋንጋ ድልድይ። ማታ የቢሃር ዋና ከተማ ፓትና ደርሼ ቢራ አማረኝ፤ ግን ቢሃር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መጠጥ በሕግ ከልክላለች። በሸክላ ኩባያ ሻይ ጠጣሁ።

ጥር 9፣ ዓርብ፤ ፓትና

ጠዋቱን ቢሃር ሙዚየም አሳለፍኩ። ጃፓናዊው አርክቴክት ፉሚሂኮ ማኪ የነደፈው ነው፣ ሰፊና ጸጥ ያለ። ዲዳርጋንጅ ያክሺ የምትባለው የድንጋይ ሐውልት እዚህ ናት፤ ድንጋዩ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። የሚቲላ ሥዕሎቹም አሉ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በጥሩ መብራት። ጂትዋርፑርን አይቶ ለመጣ ሰው ግን ትንሽ ይቀዘቅዛሉ።

ኤርፖርት ላይ የቀለም ጠርሙሶቹን ፈታሹ አስወጣኝ። በዚያው ሻርፑን ዘርግቶ አየውና ስንት ገዛሽው አለኝ። 1,600 ስለው አዘነልኝ። "ተበልተሻል፣ ደልሂ በ300 ታገኚው ነበር" አለኝ። ሰልፉ ረጅም ባይሆን ዓሣዎቹን አሳየው ነበር።

ከዚያ ወዲህ፣ አዲስ አበባ

የከተራ ዕለት ጠዋት ገባሁ። ጥምቀት እንዳለፈ ሙከራ ጀመርኩ። ነጠላ ላይ አልሆነም። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ መስመሩ በክሮቹ መሃል ይሾልካል፣ ብዕሩም ክር ይመዛል። ጋቢ ደግሞ ይመጠዋል። የሠራልኝ ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ኩታ ነው፣ ታጥቦና ተተኩሶ። ከሳምንት በኋላ ደጋግሜ አጠብኩት፤ ጥቁሩ አልተነሳም። ቀዩ ትንሽ ፈዝዟል፤ የካውያው ሙቀት አንሶት ይመስለኛል፣ ዲዲን ልጠይቃት ነው። አሁን ደንበኛ ስትመጣ ጨርቁን ቀድሜ እንደማጥበው እነግራታለሁ። የማትስማማ ካለች ሌላ ሠዓሊ አለ።

ጥር 24 ቀን የህንድ የገንዘብ ሚኒስትር ኒርማላ ሲታራማን በጀት ሊያቀርቡ ሲወጡ የለበሱት ሳሪ የራንቲዋ ዱላሪ ዴቪ የሳለችው ነበር። ነጭ፣ ጠርዙ የወርቅ፣ ላዩ ዓሣ። ዜናው ስልኬን ሞላው። የዲዲ ልጅም በድምፅ መልእክት ላከች፤ ከኋላዋ የእናቷ ሳቅ ይሰማል። ትእዛዝ በዝቶብናል፣ ያንቺ በሁለት ሳምንት ይዘገያል አለች። ቀጥላም ከዚህ በኋላ የሚታዘዝ እያንዳንዱ ዱፓታ 500 ሩፒ ጨምሯል፣ ለነጋዴውም ነግረነዋል አለችኝ። ነጋዴው ምን አለ ብዬ ጻፍኩላት። "ተነጫነጨ፣ ከዚያ ጨርቁን ትቶ ሄደ" ብላ መለሰች።